ከ4,850 ውስጥ የጠፋችው 8

መጀመሪያ የጠፋችብኝ አንዲት ቁጥር ናት። ለገሃር አካባቢ ባለ መሥሪያ ቤት የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ ቀኑን ሙሉ ከቁጥር ጋር ነው የምውለው። ጥቅምት ላይ አንድ ጠዋት ደረሰኝ እያመሳከርኩ 4,850 የሚል ላይ ደረስኩ። 4 አለ፣ 50 አለ፣ መሃል ያለችው 8 የለችም። ወረቀቱን ጠጋ አደረግሁት። የለችም። ዓይኔን ትንሽ ወደ ጎን ዘወር ሳደርግ ብቅ አለች፤ ቀጥ ብዬ ሳያት ተመልሳ ጠፋች። አጠገቤ የምትሠራውን ልጅ «ይሄ ፕሪንተር ቀለም ጨርሷል መሰለኝ» አልኳት። አየችና «8ቷ ቁጭ ብላለች እኮ!» ብላ ሳቀችብኝ። እኔም አብሬ ሳቅሁ።

ከዚያ ሳቅ እስከ ትክክለኛው የዓይኔ ሕክምና አራት ወር ፈጀብኝ። ከአራቱ ቢያንስ ሁለቱን ያባከንኩት እኔው ራሴ ነኝ። የምጽፈውም በዋናነት ስለነዚያ ሁለት ወራት ነው። ሐኪም አይደለሁም። የምነግራችሁ በራሴ የደረሰውንና ሐኪሞቼ ያስረዱኝን ነው። እኔን አንብባችሁ መድኃኒት እንዳትጀምሩ፣ የጀመራችሁትንም እንዳታቆሙ አደራ።

ቁጥሯ ከመጥፋቷ ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ፣ መስቀል እንዳለፈ፣ ጉንፋን ይዞኝ ነበር። ራስ ምታት፣ ትኩሳት፣ ቁርጥማት። እናቴ «ምች ነው» ብላ ዳማከሴ አሽታ አሸተተችኝ፣ በቡናም ጨምቃ አጠጣችኝ። ለቀቀኝ። ይህን ጉንፋን ያዙልኝ፤ በኋላ መንገድ ያሳተን እሱ ነው።

ዓይኔ አልቀላም። አላመመኝም። ዓይናር የለው፣ እንባ የለው። ስለዚህ «ድካም ነው» አልኩ። መጀመሪያ ፋርማሲ ገብቼ ጠብታ ገዛሁ። በኋላ ሳውቅ ስቴሮይድ የሚባለው መቆጣትን የሚያበርድ መድኃኒት ያለበት ጠብታ ነበር። ያለ ሐኪም ትእዛዝ ሲወሰድ የዓይን ግፊት ሊያስነሳ ይችላል፤ የኔ ችግር ወዳለበት ወደ ዓይን ጀርባ ደግሞ በቅጡ አይደርስም። ቀጥዬ ፒያሳ ወርጄ አዲስ መነጽር አሠራሁ። መነጽሩ ቆንጆ ነበር። 8ቷ ግን አልመጣችም። እንዲያውም በሳምንቱ ስታዲየም ጋ ባቡር ስጠብቅ ሐዲዱ መሃሉ ላይ ጎበጥ ብሎ ታየኝ። ቀኝ ዓይኔን ስሸፍን ጎበጠ፣ ግራውን ስሸፍን ተቃና። ያኔ ነው ልቤ ድንግጥ ያለው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበላችሁ። ሁለት ዓይን እርስ በርሱ ይሸፋፈናል። አንዱ የጎደለውን ሌላው ይሞላለታል፤ ሳታውቁት ወር ያልፋል። በየተራ ሸፍናችሁ እዩ። ቀጥ ያለ መስመር ከተጣመመ፣ ከፊደል መሃል ጉድጓድ ከታየ፣ ብልጭ ብልጭ የሚል ነገር ካልቀረ፣ መነጽር ቤት የሚኬድበት ጉዳይ አይደለም።

አንድ የግል ክሊኒክ ሄድኩ። ወጣት ሐኪም ነበረች፣ ትሑትና ጠንቃቃ። ብሌን የሚያሰፋ ጠብታ አድርጋ የዓይኔን ጀርባ አየች፣ ፎቶ አስነሳችኝ። ሬቲና ማለት ከዓይን ጀርባ በውስጥ በኩል የተነጠፈ ስስ ሽፋን ነው፤ ብርሃን የሚቀበለው እሱ ነው። ከሥሩ ኮሮይድ የሚባል በደም ሥር የተሞላ ንጣፍ አለ። የኔ ግራ ዓይን ላይ ከሬቲናው ሥር ቢጫ ነጭ ጥፍጥፎች ነበሩ፤ ቀኙ ላይም አንዲት ትንሽ።

«ከዚህ በፊት ጉንፋን ነገር ነበረብሽ?»

«አዎ፣ በቅርቡ።»

«ሌላ የቆየ በሽታ?»

«የለም።»

«በቤተሰብ?»

«የለም።»

እነዚህ ሁለት «የለም»ዎች ብዙ አስከፍለውኛል።

ሐኪሟ ኤፒኤምፒፒኢ የሚባል በሽታ ሊሆን እንደሚችል ነገረችኝ። ሙሉ ስሙ አንድ መስመር ይሞላል። እ.ኤ.አ. በ1968 ዶናልድ ጋስ የተባለ አሜሪካዊ የዓይን ሐኪም ነው ለመጀመሪያ ጊዜ የገለጸው። ወጣቶችን ይይዛል፣ ብዙ ጊዜ ሁለቱንም ዓይን፣ ብዙ ጊዜም ከጉንፋን መሰል ሕመም በኋላ። ደግነቱ አብዛኛውን ጊዜ በሳምንታት ውስጥ ራሱ ይከስማል። የኔ ታሪክ ልክክ ብሎ ገጠመ። ወጣት ነኝ፣ ጉንፋን ነበረብኝ፣ ሁለቱም ዓይኔ ላይ ታይቷል። በነገርኳት ነገር ላይ ተመሥርታ ልክ ናት። ያልነገርኳት ነው ችግሩ።

«ግን እርግጠኛ ለመሆን» ብላ የምርመራ ወረቀት ጻፈችልኝ። የደም ምርመራ፣ ስኳር፣ የደረት ራጅ፣ የቲቢ የቆዳ ምርመራ፣ ቂጥኝ፣ ኤችአይቪ። ወረቀቱን ሳነብ ደሜ ፈላ። ቂጥኝ? እኔን ምን አድርጋ አይታኝ ነው? ስኳሩንና ተራውን የደም ምርመራ ብቻ አሠራሁ። ሌላውን «ደመወዝ ሲወጣ» ብዬ ቦርሳ ውስጥ ከተትኩት። በቀጠሮዬ ስመለስ ውጤቱን ጠየቀችኝ። «ሁሉም ደህና ነው» አልኳት። ውሸት ነው ልትሉኝ ትችላላችሁ። ያሠራሁት ሁሉ ደህና ነበራ!

ፕሬድኒሶሎን የሚባል የስቴሮይድ ክኒን ጀመርኩ፣ በቀን 50 ሚሊግራም። በሦስተኛው ሳምንት 8ቷ ግራጫ ሆና ተመለሰች። ደስታዬን አትጠይቁኝ። ከዚያ ጾመ ነቢያት ገባ። ክኒኑን ጠዋት በባዶ ሆዴ በቡና እውጥ ነበር፣ ጨጓራዬ ተቃጠለ። ፊቴ አብጦ ክብ ሆነ። አንዷ ባልደረባዬ «ስቴሮይድ ነው እኮ፣ አጥንት ይበላል» አለችኝ። ዓይኔ ተሽሎኝ የለ? ብዬ በአንድ ጊዜ አቆምኩት። ማንንም ሳልጠይቅ።

ይህን ጠጋ ብላችሁ ስሙኝ። ፕሬድኒሶሎን ለሳምንታት ከተወሰደ በኋላ በአንድ ጊዜ አይቆምም። ሰውነት የራሱን ሆርሞን ማምረት ስለሚቀንስ ደረጃ በደረጃ ነው የሚወርደው። ከምግብ ጋር ነው የሚዋጠው። ጾም ከሆነ ሐኪሙን ንገሩት፣ የንስሐ አባታችሁንም አማክሩ። እኔ ሁለቱንም አላደረግሁም።

ገና ደረሰ። እናቴ ፊት ለፊቴ ቁጭ ብላ ቡና ትቀዳለች። ቀኝ ዓይኔን አሸት አሸት አድርጌ ሸፈን ሳደርገው ሻሽዋ አለ፣ አገጯ አለ፣ መሃሉ የለም። ሲኒውን ዘርግታልኝ «ተቀበይኝ እንጂ» ትላለች። እጄን የሰደድኩት ወደ ሌላ ቦታ ነበር።

ዕቁቤን ከተራዬ ቀድሜ እንድወስድ ጓደኞቼን ለመንኩ። አራት ኪሎ አቅራቢያ ባለ ሆስፒታል የሬቲና ሐኪም ጋ ሪፈር ተጻፈልኝ። ከንጋቱ 12 ሰዓት ካርድ ክፍል ተሰለፍን፣ እኔና እናቴ። ጠብታው ከተደረገ በኋላ ለሰዓታት አጥርታችሁ ስለማታዩ ብቻችሁን አትሂዱ። ጥቁር መነጽር ወይም ጃንጥላ ያዙ፤ ፀሐይዋ በተሰፋ ብሌን ላይ መርፌ ናት። እናቴን የወሰድኳት እንድትመራኝ ብቻ ነበር። የሠራችው ሥራ ግን ሌላ ሆነ።

አግዳሚው ወንበር ላይ ከኔ ጋር ሁለት ሰዎች ነበሩ። በአዲስ አበባ የሆስፒታል ወንበር ላይ ዝምታ የለም፤ ተጨዋወትን። አንዷ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት። አንድ ዓይኗ ብቻ ነው፣ ጎን ጎኑን ብርሃን ይብለጨለጭባታል። የሷ ነጫጭ ነጠብጣብ ያለመድኃኒት እየጠፋ ነው፤ ሐኪሙ ቀጠሮ እየሰጠ ያያታል እንጂ ምንም አላዘዘላትም። ሌላው አርባዎቹ ውስጥ ያለ ሰው ነው። ሁለቱም ዓይኑ በአንድ ሳምንት ደበዘዘ፤ ከዚያ በፊት ከባድ ራስ ምታትና የጆሮ ጩኸት ነበረው። አሁን ሽፋሽፍቱ ላይ ነጫጭ ፀጉር ወጥቷል። ቪኬኤች ይባላል አለኝ፤ ሰውነት በራሱ ቀለም ሰጪ ሴሎች ላይ ሲነሳ የሚመጣ በሽታ ነው። እሱ ያንኑ ፕሬድኒሶሎን በብዙ መጠን፣ ለወራት ይወስዳል። «ዓይኔን ያተረፈው እሱ ነው» አለኝ።

እኔ ደግሞ ያኔ ያ ክኒን ዓይኔን እንደ ጎዳው ነበር የማምነው። ሦስታችንም «ከዓይኔ መሃል ጭጋግ አለ» ብለን ነው የመጣነው። ለአንዷ መድኃኒት አያስፈልግም፣ ለአንዱ ስቴሮይድ ሕይወት ነው፣ ለኔ ስቴሮይድ ብቻውን አደጋ ነበር። ስለዚህ «እኔንም እንደዚህ አድርጎኝ ነበር፣ ይሄን ውሰጂ» የሚል ጎረቤት ሲመጣ ቡናውን ጠጥታችሁ አመስግኑት፤ ክኒኑን አትቀበሉት።

ዶክተሩ ሸምገል ያሉ ናቸው። ረጅም ጊዜ አዩኝ። ከዚያ መብራቱን አብርተው መጠየቅ ጀመሩ። ቁርጥ ትበያለሽ? ድመት አላችሁ? አፍሽ ውስጥ ተደጋጋሚ ቁስል? መገጣጠሚያ? ጆሮ ይጮህብሻል? ቆዳሽ ላይ ለምጽ መሰል ነገር? ፈተና መሰለኝ። ኋላ ነው ያስረዱኝ፣ እያንዳንዱ ጥያቄ የአንድ በሽታ በር ነው። ጥሬ ሥጋና ድመት ቶክሶፕላዝሞሲስ የሚባለውን በጥገኛ ተሕዋስ የሚመጣ በሽታ ለማሰብ ነው፤ እሱ ብዙውን ጊዜ አንድ ዓይን ላይ ከአሮጌ ጠባሳ ጎን አዲስ ነጭ ቁስል ሆኖ ይታያል። የአፍ ቁስል ቤሼት ወደሚባለው በሽታ ይመራል። ጆሮና ቆዳ ወደዚያ ወንበር ላይ ወዳለው ሰውዬ በሽታ።

«ቤታችሁ ሳል የቆየበት ሰው ነበር?»

«የለም» አልኩ፣ እንደ ልማዴ።

እናቴ ጥግ ላይ ነጠላዋን እያስተካከለች «ኧረ ሳል እንኳ... ወንድሜን አንድ ሰሞን ብርድ መትቶት ነበር። እሱም ስድስት ወር ክኒን ውጦ ድኗል» አለች።

የዶክተሩ እስክሪብቶ ቆመ።

«ስንት ወር አሉኝ፣ እማማ?»

«ስድስት።»

ስድስት ወር ሙሉ ክኒን የሚያስውጥ ብርድ የለም። ያኔ ነው ኩባያዋ ትዝ ያለችኝ። ዘጠኝ ወይም አሥር ዓመቴ ነበር። ጋሼ፣ ያው የእናቴ ወንድም፣ ከኛ ጋር ነበር የሚኖሩት። ሰማያዊ ጠርዝ ያላት የቆርቆሮ ኩባያቸው ከሌላው ዕቃ ተለይታ በር ጀርባ ሚስማር ላይ ትንጠለጠል ነበር። እንዳንነካት ይነገረን ነበር። ለምን እንደሆነ ማንም ነግሮን አያውቅም። ቲቢ የሚለው ቃል እቤታችን ተጠርቶ አያውቅም። እናቴ አልዋሸችም። ለሷ ስሙ ብርድ ነው።

ዶክተሩ «የድሮ ፎቶ አለሽ?» አሉኝ። መጀመሪያ ክሊኒክ ያነሱኝን ምስል ከኮምፒዩተሩ ላይ በስልኬ ፎቶ አንስቼው ነበር፤ ለእኅቴ ልልክላት ብዬ እንጂ ብልሃት ኖሮኝ አይደለም። ከዚያን ቀኑ ምስል ጋር ጎን ለጎን አደረጉት። በጥቅምት የነበሩት ጥፍጥፎች ተለያይተው ነበር የተቀመጡት። አሁን ተገጣጥመዋል። መሃላቸው ከስሟል፣ ጠባሳ ሆኗል፤ ዙሪያቸው ግን ገና ቢጫ ነው፣ ይሰፋል። ወረቀት ላይ ሣሉልኝ። እንደ ገለባ እሳት ነው፤ መሃሉ አመድ፣ ጠርዙ ፍም።

«ኤፒኤምፒፒኢ ቢሆን» አሉኝ፣ «አንድ ሰሞን ወጥቶ፣ አንድ ሰሞን ይከስማል። በሦስተኛው ወር እየተራመደ አናገኘውም።» እንደዚህ እንደ እባብ እየተሳበ የሚሄደው ሰርፒጂነስ የሚባለው ነው። ግን እሱም ሁለት መልክ አለው። አንደኛው ሰውነት በራሱ ላይ የሚነሣበት ነው። ከዓይን ነርቭ ዙሪያ ጀምሮ ነው ብዙውን ጊዜ የሚሳበው፣ በዓይን ውስጥ ባለው ዝልግልግ ፈሳሽም ውስጥ ብዙ የመቆጣት ፍርፋሪ አይታይም። ሁለተኛው ከቲቢ ጋር የሚያያዘው ነው። ብዙ ቦታ ተበታትኖ ይጀምርና ይገጣጠማል፣ ከነርቩ ራቅ ሊል ይችላል፣ ፍርፋሪውም በዛ ይላል። የኔ ሁለተኛውን ይመስላል። «ይመስላል» ነው ያሉት። ደጋግመው ነው ያሉት። ከዓይንሽ ጀርባ ቁራጭ ወስደን አንመረምርም፣ ስለዚህ ማስረጃ እያጠራቀምን ነው የምንፈርደው አሉኝ። ደግሞ ኢትዮጵያ የዓለም ጤና ድርጅት ከፍተኛ የቲቢ ጫና አለባቸው ብሎ ከዘረዘራቸው 30 አገሮች አንዷ ናት። እዚህ አገር ቲቢን ሳያስወግዱ «ሰውነትሽ በራሱ ላይ ተነሥቶ ነው» ማለት ድፍረት ነው።

ከቦርሳዬ ያንን የታጠፈ ወረቀት አወጣሁት። ሦስት ወር ቦርሳ ውስጥ ሲታሽ ጠርዙ ተበልቷል። ዶክተሩ አዩት፣ እኔን አዩኝ፣ ምንም አላሉኝም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ሁሉንም አሠራሁ። ቂጥኙንም። ቂጥኝ ከሬቲና በሽታዎች ሁሉ መልክ ሊዋስ የሚችል አስመሳይ ነው፣ በፔኒሲሊን የሚድን ስለሆነም ማለፉ ኃጢአት ነው። መነኩሴም ብትሆኚ ምርመራውን አዝዝልሻለሁ አሉኝ። የኔ ነጻ ነበር። ኤችአይቪም ነጻ። የደረት ራጄ ንጹሕ ወጣ። «ስለዚህ ቲቢ አይደለም ማለት ነው?» አልኩ በደስታ። አይደለም። የዓይን ቲቢ ሳል ሳይኖር፣ ሳንባም ንጹሕ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። የቆዳ ምርመራው ክንዴ ላይ ተወጋ፣ ከ48 እስከ 72 ሰዓት ውስጥ ተመልሼ እንድነበብ ተነገረኝ። 18 ሚሊሜትር አበጠ። ያም ብቻውን አይፈርድም፤ ክትባትም፣ የቆየ ንክኪም ሊያሳብጠው ይችላል። በተቃራኒው ደግሞ ስቴሮይድ እየወሰዳችሁ ከተመረመራችሁ በሐሰት ላያብጥ ይችላል። ለዚህ ነው ያቺ ወጣት ሐኪም አስቀድሜ እንድመረመር የፈለገችው። እኔ አልገባኝም ነበር።

የቀለም ምርመራውንም ልንገራችሁ፣ ብዙ ሰው ስለሚፈራው። ክንድ ላይ በመርፌ ቢጫ ቀለም ይሰጣል፣ ከዚያ ካሜራ ፊት አገጫችሁን አስደግፋችሁ ቁጭ ትላላችሁ። ለአንድ ደቂቃ ያህል ማቅለሽለሽ መጣብኝ፣ አለፈ። አለርጂ ካላችሁ አስቀድማችሁ ተናገሩ። ቆዳዬ ቢጫ ሆነ፣ ሽንቴ ደግሞ እንደ ሃይላይተር። እናቴ «ወፍ በሽታ ያዛት» ብላ ልትጮህ ነበር። በማግስቱ ጠፋ። ያም ምርመራ ብቻውን አይለይም፤ ንቁው ቁስል በኤፒኤምፒፒኢም በሰርፒጂነስም መጀመሪያ ጨለም፣ ኋላ በራ ይላል። ጥቅሙ የትኛው ጠርዝ ገና እንደሚነድ ማሳየቱ ነው። የሬቲናን ንብርብር የሚያነሳው ኦሲቲ የሚባለው ምርመራ ግን መርፌ የለውም፣ ብርሃን ነው፣ በደቂቃዎች ያልቃል።

«ዘበኛውን አስተኝተን ሌባውን እቤት ትተነው ነበር» አሉኝ ዶክተሩ። ስቴሮይዱ መቆጣቱን አበረደው፣ ለዚህ ነው 8ቷ የተመለሰችው። ከሥሩ ያለውን ግን አልነካውም።

የቲቢ መድኃኒቱን ጤና ጣቢያ ነው የጀመርኩት፣ በነጻ ነው። ለሁለት ወር አራት ዓይነት፣ ከዚያ ሁለት ዓይነት። ለኔ በድምሩ 9 ወር እንዲሆን ወሰኑ። ፕሬድኒሶሎኑም አብሮ ተመለሰ፣ አሁን ግን ሌባው እየተያዘ ስለሆነ ሥራው ሌላ ነው። ጤና ጣቢያ የምትሠራው ነርስ በየጠዋቱ ፊቷ ታስውጠኝ ነበር። ወረፋ ስጠብቅ ከሰፈር ሰው እንዳልገናኝ ነጠላ እከናነብ ነበር። ሞኝነት ነው። የዓይን ቲቢ ብቻ ያለበት ሰው ለማንም አያስተላልፍም። እናቴ ግን የመጀመሪያው ቀን ማታ ኩባያዬን ለየች። እኔም አየኋት። እሷም እንዳየኋት አየች። ኩባያውን መልሳ ከሌሎቹ ጋር አስቀመጠችው።

ስለ መድኃኒቶቹ ጥቂት ላስጨንቃችሁ። ሪፋምፒሲን ሽንትን ብርቱካናማ ያደርጋል፣ አትደንግጡ። ግን የወሊድ መከላከያ ክኒንን ያዳክማል፣ ይህን ማንም ሴት ሳይነገራት እንዳታልፍ። የፕሬድኒሶሎንንም ኃይል ስለሚቀንስ መጠኑን ሐኪም ያስተካክለዋል። ከአይሶናያዚድ ጋር ቫይታሚን ቢ6 ይሰጣል፣ እጅና እግር እንዳይደነዝዝ። ዓይን ቢጫ ከሆነ፣ ማስመለስ ከበዛ፣ ጉበት ነውና በዚያው ቀን መሄድ ነው። ኢታምቡቶል ደግሞ የዓይን ነርቭን ሊጎዳ ይችላል፤ መጀመሪያ ከሚጠፋው አንዱ የቀለም ብርታት ነው። በየወሩ ይመረምሩኝ ነበር፣ እኔ ደግሞ በየጠዋቱ የቢሮዬን ቀይ እስክሪብቶ በየተራ ዓይኔ አየዋለሁ። አንዱ ዓይን ቀዩን ደብዘዝ ካደረገው ሮጦ ሐኪም ጋ ነው።

ልተወው የነበረበት ጊዜም ነበር። በሦስተኛው ሳምንት ባሰብኝ። አዲስ ጥላ መጣ፣ ሐዲዱ ይበልጥ ጎበጠ። «ተሳስተዋል፣ እንደገና ተሳስተዋል» ብዬ አለቀስኩ። አንድ ጠዋት ጤና ጣቢያ ሳልሄድ ቀረሁ። ነርሷ ደወለችልኝ። ስልኩን ሳነሳ «የት ነሽ? እየጠበቅኩሽ ነው» ነው ያለችኝ፣ ሌላ ስብከት የለም። በዚያው ቀን ዶክተሩ ጋ ሄድኩ። ሕክምናው ሲጀመር የሞቱት ጀርሞች ራሳቸው ሰውነትን ስለሚያስቆጡ ለጊዜው መባስ የታወቀ ነገር ነው አሉኝ። ፕሬድኒሶሎኑን ጨመር አደረጉልኝ። ሲብስባችሁ ሂዱ እንጂ አታቁሙ። እናቴ እንጦጦ ጠበል ትወስደኝ ነበር። ሄጃለሁ፣ ደስም ብሎኛል። ክኒኑን ግን ውጬ ነው የምሄደው።

በሦስተኛው ወር ጠርዙ ፍም መሆኑ ቀረ። አሁን ቀኝ ዓይኔ 6/9 ያነባል፤ የጤነኛ ዓይን ልኩ 6/6 ነው። ግራው ከ6/60 ተነሥቶ 6/24 ላይ ቆሟል፤ ጠባሳው ከመሃሉ አጠገብ ስለሆነ ከዚህ በላይ ላይመጣ ይችላል ተብያለሁ። ግራዬን ብቻ ስከፍት 4,850 ላይ የ8 የላይኛዋ ቀለበት አሁንም የለችም። ሥራዬን ግን አልተውኩም። ፊደል አሰፋለሁ፣ ድምር ሁለቴ አያለሁ።

ወደ ሐኪም ከመሄዳችሁ በፊት ግን ከእናት፣ ከአክስት ጋር ቁጭ በሉ። «ቲቢ ነበር ወይ?» ብላችሁ አትጠይቁ፣ «የለም» ነው የምትባሉት። ለረጅም ጊዜ ክኒን የዋጠ ማን ነበር? ዕቃው የተለየ ማን ነበር? እንዲህ ብላችሁ ጠይቁ። ምስላችሁን በየጊዜው በስልክ አንሡ፣ ቀኑን ጻፉበት።

ጋሼ አሁን ደብረ ብርሃን ነው የሚኖሩት፣ ደህና ናቸው። እናቴ ነግራቸው ደወሉልኝ። ብዙ ሰላምታ፣ ስለ ብርዱ፣ ስለ ገብሱ። ከዚያ ዝም አሉ። «እኔ ነኝ ያስያዝኩሽ?» አሉኝ። ዶክተሩ የነገሩኝን ነገርኳቸው። ከማን እንደያዘኝ ማንም ሊያውቅ አይችልም፤ ከታክሲ ሊሆን ይችላል፣ ከትምህርት ቤት ሊሆን ይችላል። ደግሞ እርስዎ ስድስቱን ወር ባይጨርሱ ኖሮ እናቴ ስድስት ባላለች፣ እኔም ባልተገኘሁ አልኳቸው። «እንግዲያው አንድ ቀን እንዳትዘልዪ» አሉኝ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ይደውላሉ። «ዋጥሽ?» «ዋጥኩ።» ይዘጉታል። መድኃኒቱን ከጨረስኩ ሁለት ወር ሆኖኛል፣ አሁንም ይደውላሉ። ከሂሳብ መዝገብ የቀደድኩት ባለ አራት ማዕዘን መስመር ወረቀት ግድግዳዬ ላይ ተለጥፏል፣ መሃሉ ላይ በቀይ እስክሪብቶ ነጥብ አለበት። በየጠዋቱ አንድ ዓይን ሸፍኜ ነጥቧን አያለሁ፣ መስመሮቹ ካልተጣመሙ ቀኔን እጀምራለሁ። ይህን ስለነገርኳቸው ጥያቄያቸውን ቀይረዋል።

«ወረቀቷን አየሻት?»

«አየኋት፣ ጋሼ።»

«ቀጥ ብላለች?»

«ቀጥ ብላለች።»

ይዘጉታል።